ለጠበበችዋ ሰዓት የሚሆን ሰርቨር

ጡረታ ስወጣ ያስረከብሁት ንብረት አንድ ገጽ አይሞላም። አንድ ላፕቶፕ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሞባይል፣ ሦስት የይለፍ ቃል፣ ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ያለችው የማኅበራችን ቢሮ ቁልፍ። ተረካቢዬ ወይዘሮ ሐያት ፈርማ ስትጨርስ ብዕሯን አላስቀመጠችም።

«እትዬ አስካለ፣ ወረቀቱስ ደህና። የሰርቨሩ ውል ግን ዘንድሮ ያልቃል። ሌላ ስመርጥ ምን አይቼ ልምረጥ? እስቲ በአንድ ገጽ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

እሺ ብያት ቤቴ ገባሁ። አንድ ገጽ የተባለው ይኸው ረዘመ። ሰርቨር፣ ድረ ገጽ የሚያድርበትን ኮምፒዩተር ማለቴ ነው፣ መምረጥ የተማርሁት ከአንድ ሰውና ከአንድ ጥፋት ነው፤ ሁለቱን ሳልናገር መልሱን ብቻ ብሰጣት እንደኔ ትሳሳታለች ብዬ ፈራሁ።

ሥራ የጀመርሁት ውጫሌ፣ በስልክ ማዞሪያ ነው። ለዛሬ ሰው ማስረዳት ሳይኖርብኝ አይቀርም። ያኔ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። እኛ ገመዱን ከቀዳዳው ሰክተን ከሚፈልገው ሰው ጋር እናገናኘዋለን። ወደ ደሴ የሚወጣው መስመር ጥቂት ስለነበር ሁሉም ሲያዝ የቀረው ወረፋ ይጠብቃል፣ ወይ ተማሮ ይሄዳል። ደሞዙ ለአንዲት ኮረዳ ለጫማና ለነጠላ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አላወራም።

አለቃዬም አስተማሪዬም ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ፣ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው። በረመዳን እኔ ውኃ የምጠጣው ጓሮ ወጥቼ ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ እሳቸው ወተት ያለበትን ሻይ ከፊቴ አያስቀምጡም። ማናችንም ይህን አድርጊልኝ፣ አድርጉልኝ ተባብለን አናውቅም። ዙህር ሲደርስ «አስኩ፣ ያዥልኝ» ብለው ይወጣሉ፤ እሳቸው ሰግደው እስኪመለሱ በሁለት እጄ የአራት እጅ ሥራ እሠራለሁ።

ጋሽ ሰይድ ሁለት ደብተር ነበራቸው። አንደኛው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የተገናኘ ጥሪ ሁሉ ይጻፍበታል። ሁለተኛው የራሳቸው፣ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሒሳብ ደብተር ነው። መስመር አጥቶ የተመለሰ ሰው በሙሉ፣ አንድ ሰው አንድ ጭረት፣ ከነሰዓቱ እዚያ ላይ ይሰፍራል። እኔ ገና ጨቅላ ነኝና አፌ አያርፍም፤ «ጋሽ ሰይድ፣ ያልተነጋገረ ሰው ደግሞ ምኑ ይቆጠራል?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«የገባውን መሥሪያ ቤቱ ይቆጥረዋል አስኩ። የተመለሰውን እኛ ካልቆጠርነው ማን ይቆጥረዋል?»

ከደሴ ተቆጣጣሪ መጥቶ በቀን ስንት ጥሪ እንደምናስተናግድ ሲጠይቃቸው ደግሞ፣ «የቀኑን ድምር ይተዉት ጌታዬ፣ የጠበበችዋን ሰዓት ልንገርዎ» ይሉታል። የጠበበችዋ ሰዓት የሚሏት በገበያ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነበረች። ነጋዴው ሁሉ የደሴን ዋጋ ሊጠይቅ የሚመጣው በዚያች ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ መስመሩ ክፍት ቢውል ለስም ነው፣ ሰው የሚጨነቀው በዚያች ሰዓት ነው ይሉ ነበር። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ሳቀባቸው። ሁለተኛውን ደብተር ካገላበጠ በኋላ ግን አንድ ተጨማሪ መስመር አስፈቀደልን። በውጫሌ ታሪክ ይህን የሚያስታውስ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አውቶማቲኩ ሲመጣ ማዞሪያው ተነቀለ። ገመዶቹን ሲጠቀልሏቸው አለቀስሁ፤ ጋሽ ሰይድ ግን «ሸጋ ነው፣ እንግዲህ ማንም አይመለስም» ብለው ሱቅ ከፈቱ። እኔ ወደ ሐይቅ ተዛውሬ በአንድ ማሠልጠኛ የኮምፒዩተር ክፍል ገባሁ። በአሥር ጣት መጻፍ፣ ከዚያ ኔትወርክ መዘርጋት፣ ከዚያ ድረ ገጽ መሥራት ተማርሁ፤ አስተማርሁም። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ድረ ገጹን ግን በየሳምንቱ በወረቀት አሳትመው፣ ማህተም አስመትተው ፋይል ያስገቡት ነበር። «ነገ ቢጠፋስ?» ይሉኛል። ስቄባቸዋለሁ፤ መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥን ከሳቸው በላይ ያከበረ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የመጨረሻው ሥራዬ ይህ ማኅበር ነው። የግሸን ማርያም መንገደኞችን ለማገዝ የመኪና ባለንብረቶች፣ የማረፊያ ቤት ባለቤቶችና የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ተሰባስበው ያቋቋሙት ነው። ጋሽ ሰይድም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ለቦታው ያጩኝም እሳቸው ናቸው። ድረ ገጻችን ዓመቱን ሙሉ የመኪና ሰዓትና የመንገድ ሁኔታ ይናገራል። መስከረም ላይ ግን ትልቁ ሥራው የጠፋ ሰው መዝገብ ነው። መኪኖቹ ከተራራው ግርጌ ይቆማሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ በእግሩ ይወጣል። በሃያ አንድ፣ ንግሡ ሲያበቃ፣ ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ሲወርድ ሽማግሌና አሮጊት ከዘመዱ ይለያያል። በጎ ፈቃደኞቻችን በድንኳን ተቀምጠው የጠፋውን ሰው ስም፣ ፎቶና ያረፈበትን ቤት ይመዘግባሉ። ዘመድ በስልኩ ስሙን ጽፎ ይፈልጋል፤ ሄዶ ያመጣዋል። ብዙውን ጊዜ የጠፋው ሰው የሚገኘው አንዱ ገበሬ ቤት፣ ጥላ ሥር፣ ንፍሮ ቀርቦለት ነው።

መጀመሪያ ድረ ገጻችን የነበረው በጋራ ሰርቨር ነው። ብዙ ተከራይ በአንድ ግቢ፣ አንድ ውኃ ቧንቧ ተጋርቶ እንደሚኖረው ማለት ነው። ሌላ ጊዜ አያስከፋም፤ መስከረም ሲደርስ ግን ይታነቃል። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ጌታሁን፣ እሳቸው ባለ አውቶቡስ ናቸው፣ ስብሰባ ጠርተው «ዘንድሮ ሙሉ ማሽን ለኛ ብቻ ይከራይልን። ትልቅ ሞተር ያለውን ምረጪ፣ ዳገት ላይ የሚጮህ መኪና ሰልችቶኛል» አሉ።

ሙሉ ማሽን ማለት ዴዲኬትድ ሰርቨር ነው፤ በሩቅ አገር ያለ አንድ ኮምፒዩተር፣ ከኛ ድረ ገጽ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው። ሲመረጥ የሚታየው ብዙ አይደለም። ፕሮሰሰሩ፣ ሞተሩ እንበለው፣ ምን ያህል ይፈጥናል? ሜሞሪው ስንት እንግዳ ባንድ ጊዜ ያስቀምጣል? ዲስኩ ምን ያህል ይይዛል፣ ምን ያህልስ ቀልጣፋ ነው? ሲታመም ማን ይነሳለታል? እኔ የቀደመውን ዓመት መዝገብ አወጣሁ። ወደ ድረ ገጹ የገባውን ሰው ማሽኑ ራሱ ይጽፋልና በየሰዓቱ ለይቼ ደመርሁት። ብዙ ሰው የገባው በዋዜማው መንገድ ሲጠይቅ ነበር። አንድን የጠፋ ሰው ደግሞ ከቤተሰቡ ስድስት ሰው ይፈልገዋል ብዬ አሰላሁ። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ጠንካራ፣ ዲስኩ ለፎቶ የሚበቃ ሰፊ፣ ሜሞሪው ግን መጠነኛ የሆነውን መረጥሁ። በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አቀረብሁት፤ አምሮብኝ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከጥግ ሆነው እጃቸውን አነሱ። «አስኩ፣ የተመለሰውን ቆጥረሻል ወይ?»

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ እኮ ማዞሪያ አይደለም» አልኋቸው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ስድብ አይደለም፣ ግን ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

የንግሡ ዕለት ሐይቅ ቢሮ ውስጥ፣ ያኔ በጎ ፈቃደኛ ከነበረችው ከሐያት ጋር ሆነን እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ሰላም ነበርን። ሰባት ሰዓት ላይ ገጹ መዘግየት ጀመረ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲል ነጭ ሆነ። ማሽን ሜሞሪው ሲሞላበት ትርፉን ወደ ዲስክ ማመላለስ ይጀምራል፤ የኛ ሰፊ ዲስክ ደግሞ ዘገምተኛ ነበር። ማሽኑን ከሩቅ አጥፍቼ አስነሳሁት፤ አምስት ደቂቃ ቆሞ ወደቀ። እንደገና አስነሳሁት፤ ወደቀ። ለአከራዮቹ ጻፍሁ፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በሥራ ሰዓት እንመልሳለን» የሚል መልስ መጣልኝ። የኛ በዓል የነሱ በዓል አይደለምና የእረፍት ቀናቸው ላይ ውሎ ነበር። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እንዲህ ሆነን ዋልን። ሐያት እየደጋገመች ግንባሬን ታብሰኝ ነበር።

ምን ሆነ? የማያውቀው ቢሳሳት ምንም አይደል፣ እኔ ግን የዚህ አገር ልጅ ነኝ። የግሸን መኪና ሰው ጥሎ አይሄድም። ስድሳ ሰው አብሮ መጥቶ አንዲት አሮጊት ብትጎድል ስድሳው ተቀምጦ ይጠብቃል። ዝም ብሎም አይጠብቅም፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ስሟን ይጽፋል። አልከፍት ሲለው ደግሞ ደጋግሞ ይጫናል፤ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ ላለው ዘመድ ደውሎ «እስቲ እናንተ ሞክሩ» ይላል። አንድ ሰው ሲጠፋ የሚፈልገው ቤተሰብ አይደለም፣ መኪና ሙሉ ሰው ነው። እንዲህ ከእናቴ ጋር በመኪና ተቀምጬ ስንት ጊዜ ጠብቄአለሁ! በወረቀት ላይ ግን ስድስት ብዬ ጻፍሁ። እነዚያ ሰዎች ባለፈው ዓመት መዝገብ ያልታዩኝም በር ላይ ስለተመለሱ ነው፤ ያልገባውን ማሽኑ አይጽፈውም።

በዚያ ቀን እማማ ብርቄ የሚባሉ የኮምቦልቻ እናት ከልጃቸው ከታምራት ተለያዩ። እርጅና ያስረሳቸው ስለነበር የሚናገሩት የራሳቸውንና የልጃቸውን ስም ብቻ ነበር። አቶ አሊ የሚባሉ ገበሬ ቤታቸው አስገብተው፣ እግራቸውን አጥበው አሳረፏቸው፤ ድንኳን ድረስም ሄደው አስመዘገቧቸው። ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ ያሉበት ቤት ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ገጹ ወደቀ። ታምራትና አብረውት የመጡት ሰዎች መኪናቸው አጠገብ ሆነው የእማማ ብርቄን ስም ያለማቋረጥ ይጽፋሉ። ባይከፍትለት ጊዜ ታምራት፣ እናቱ ከላይ ቀርተው ይሆናል ብሎ ተመልሶ ተራራውን ወጣ። እማማ ብርቄ ደግሞ የአቶ አሊ ባለቤት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ «ልጄ ይጠብቀኛል» ብለው ተነስተው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ፈፋ ውስጥ ተገኙ። ነፍሳቸው አለች፣ እግራቸው ተሰብሯል፣ ብርዱ ገብቷቸዋል። ጥቅምትን አልጨረሱም።

ለቅሶ የሄድሁት ከጋሽ ሰይድ ጋር ነው። ሰው ጋብ ሲልልን ታምራትን ወደ ጎን ጠርቼ ሁሉንም ነገርሁት፤ እናቱ ተመዝግበው እንደነበር፣ ማሽኑን የመረጥሁት እኔ እንደሆንሁ፣ የመረጥሁትም ተሳስቼ እንደሆነ። የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ መካኒክ። ጥፍሩ ሥር ያለውን ግራሶ መፋቅ ጀመረ።

«ስሟን ስንት ጊዜ እንደጻፍሁ ያውቃሉ?» አለኝ። «ነጭ ነው የመጣልኝ። ነጭ ብቻ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሽ ሰይድ እንዲህ ብዬሽ ነበር ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስሁ፤ እሳቸው ኩታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና «አብሽሪ አስኩ» አሉኝ። «ወላሂ ማልቀስሽ ደግ ነው። አልቅሰሽ ስትጨርሺ ግን የተመለሰውን እንቁጠር።»

መልቀቂያ አስገባሁ። አቶ ጌታሁን አነበቡትና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ሹፌር ገደሉን የሚያውቀው አንዴ ካየው በኋላ ነው። አሁን ላሰናብትሽና ገደሉን ያላየ ልቅጠር?»

ስለዚህ መቁጠር ጀመርን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጋሽ ሰይድ ከዘራ ይዘው፣ እኔ ደብተር ይዤ፣ የሐይቅን፣ የውጫሌንና የደሴን መናኸሪያ ዞርን። ወደ ግሸን የሚጭነውን ሹፌር ሁሉ እንጠይቃለን፤ ስንት ሰው ጫንህ፣ ስንቱ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ይዟል፣ ስንት ሰው ጎደለብህ፣ ስንት ሰዓት ጠበቅህ? አንዱ ሹፌር «አባባ፣ የሕዝብ ቆጠራ ነው እንዴ?» ቢላቸው ጋሽ ሰይድ «የለም ልጄ፣ የትዕግሥት ቆጠራ ነው» አሉት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁ። የጠበበችዋ ሰዓት በዋዜማው አልነበረችም፤ በዕለቱ ከሰባት እስከ አሥር ነበረች። ባንድ ጊዜ በር የሚያንኳኳውም ካሰላሁት ከአሥር እጥፍ በላይ ሆነ።

ከዚያ ማሽን ለወር ብቻ ተከራይተን ፈተንን። በፕሮግራም የተሠራ የውሸት እንግዳ ልከንበታል፤ ጋሽ ሰይድ ግን «የውሸት ሰው አይናደድም፣ እውነተኛ ሰው አምጪ» አሉ። በአንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም ተነግሮ፣ የሐይቅ ሰው ሁሉ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ባንዴ ድረ ገጹን ከፍቶ የራሱን ስም እንዲፈልግ ተደረገ። ባጃጅ ነጂው፣ ዓሣ ሻጩ፣ ተማሪው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሳይ ሳቄ መጣ። የመጀመሪያው ማሽን በስድስት ደቂቃ ወደቀ። ከተማው በሙሉ «ወደቀ! ወደቀ!» እያለ ጮኸ፤ እኛ ደስ አለን። በመስከረም ከሚወድቅ በየካቲት ይውደቅ። በኋላ ያመጣነው ሌላ ማሽን ግን ያንኑ ፈተና ሳይወድቅ አለፈ፤ የተዋዋልነውም እሱን ነው።

እንግዲህ ሐያት፣ ገጹ ይኸው ነው። ሜሞሪውን በመኪና ሙሉ ሰው ለኪው፣ በቤተሰብ አይደለም። ዲስኩ ከስፋቱ ይልቅ ይፍጠን፤ ሁለት ይሁን፣ አንዱ የሌላውን ቅጂ ይያዝ። ከማሽኑ በፊት ገጽሽን አቅልዪ፤ ስምና ያለበት ቤት ይቅደም፣ ፎቶ የጠየቀ ብቻ ይየው። አከራዩን በኛ በዓል ቀን፣ በጠበበችዋ ሰዓት ደውለሽ ሞክሪው፤ ሰው ካላነሳ ርካሽነቱ አያታልልሽ። የዓመት ውል ሳትፈርሚ ወር ተከራይተሽ እስኪወድቅ ፈትኚው። መዝገብ ስታነቢ ደግሞ ከመዝገቡ ውጭ የቀረውን ሰው ሄደሽ ጠይቂ።

ያ አዲሱ ማሽን በገባ መስከረም ጋሽ ሰይድ ቢሮ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰባት ሰዓት ሆነ። የእንግዳው ቁጥር በስክሪኑ ላይ እንደ ዳገት ወጣ። ሜሞሪው ግማሽ ላይ ደረሰ፣ ግማሹን አለፈ፣ ቆመ። ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ገጹ እንደተከፈተ ነው። መዝገቡ ላይ «ተገኝቷል» የሚለው ቃል እየተደራረበ ሄደ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የቢሮው ስልክ ጮኸ።

«እትዬ አስካለ፣ ታምራት ነኝ። ዘንድሮም ወጣሁ። አሁን መኪናው ውስጥ ነኝ።»

ብዕር አነሳሁ። «ማን ጠፋባችሁ?»

«ማንም አልጠፋም» አለ። «የእናቴን ስም ጽፌ ነው።»

ጋሽ ሰይድ ፊቴን አይተው እጄን ያዙኝ።

«ወዲያው ከፈተልኝ» አለ ታምራት። «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም ብሎ መለሰልኝ። ደህና ነው እትዬ፤ ከፍቷል። ይህን ልነግርዎ ነው የደወልሁት።»

«ልጄ» አልሁት። እሱም ስልኩን አልዘጋውም። ከኋላው ሞተሩ ሲነሳ፣ ሹፌሩም ድምፁን ከፍ አድርጎ «የጎደለ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ተሰማኝ። መኪናው ሙሉ ባንድ አፍ «የለም!» አለ። የታምራትን ድምፅ ግን በመካከላቸው አልሰማሁም።